ከላፕቶፑ እስከ ጋራዡ፦ የገና መብራት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

መብራቱን ሰቅዬ የጨረስኩት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ዛሬ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ መሰላሉ ላይ ሆኜ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር።

ጠቅላላው 600 ፒክስል፣ ማለትም ለብቻው ቀለሙን የሚቀይር አምፖል ነው። 300ው በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ፣ 100ው በበረንዳው ሁለት ዓምዶች ላይ ተጠምጥመዋል። የቀሩት 200 ዘንድሮ በሠራሁት አዲስ ነገር ላይ ናቸው፦ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው የተቀረጹት ሦስቱ መስቀሎች። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በ12 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ እየበሳሁ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ከጀርባ ገፋኋቸው። ሦስት ምሽት ወሰደብኝ። አውራ ጣቴ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

የሰፈሩ መብራት ከፈረንጆቹ ገና ማግስት ጀምሮ አንድ በአንድ ይወርዳል። የእኛ እስከ ታኅሣሥ 29 ይቆያል። እዚህ አካባቢ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ አለ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሰሙት ገና አልፎ፣ ዛፉ ተጥሎ፣ የእነሱ ገና ገና አለመድረሱን የሚያሳያቸው አንድም ነገር በመንገድ ላይ አያገኙም። ይህን ሥራ የያዝኩት ለእነሱ ብዬ ነው። ስለዚህ ዘንድሮም መሥራት አለበት።

አሠራሩን ለማያውቅ በአጭሩ፦ እያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ደብሊው ኤስ 2811 የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። እሷ ስላለች እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ቀለሙን መቀየር ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ኤክስላይትስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር የትኛው አምፖል መቼ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ ከመዝሙሩ ጋር አስተካክሎ በኔትወርክ ይልካል፤ ጋራዥ ውስጥ ያለው ኮንትሮለር ተቀብሎ ለአምፖሎቹ ያድላል። ላፕቶፑ ሳሎን፣ ኮንትሮለሩ ጋራዥ። በመካከላቸው 25 ሜትር ኬብል።

ዛሬ ማታ ኮንትሮለሩን በራሱ መፈተሻ ቁልፍ አስነሳሁት። ጣሪያው፣ ዓምዶቹ፣ መስቀሉ፦ ሁሉም ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆኑ። አንድም የሞተ አምፖል የለም። ደስ ብሎኝ ወደ ሳሎን ገባሁና ኤክስላይትስን ከፈትኩ። ኮንትሮለሩን አላገኘውም። ድጋሚ ሞከርኩ፤ አላገኘውም። እዚህ ላይ አቆምኩ፤ በድካም ነገር መነካካት ያለውንም ማበላሸት ነው።

አንድ ነገር ግን በእጄ ገብቷል። ኮንትሮለሩ በራሱ ትእዛዝ መብራቱን በትክክል ካበራ፣ ከኮንትሮለሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ኃይል ማከፋፈያው፣ ሽቦው፣ አምፖሉ። ችግሩ ከኮንትሮለሩ ወዲህ ነው። ከእንግዲህ መሰላል አልወጣም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥኩበት። የመጀመሪያው ሥራ ፒንግ ማድረግ ነው፤ ላፕቶፑ “አለህ?” ብሎ ይጠራል፣ ኮንትሮለሩ “አለሁ” ብሎ ይመልሳል። አድራሻውን 192.168.1.50 ብዬ ጠራሁ። አራት ጊዜ ተጣራ፤ አራቱም ጊዜ መልስ የለም።

የላፕቶፑን አድራሻ ሳየው ነገሩ ገባኝ። የኔ ላፕቶፕ በ10.0.0 የሚጀምር አድራሻ ይዟል። ክረምት ላይ የኢንተርኔት ውል ስንቀይር አዲስ ራውተር መጥቶ ነበር፤ አዲሱ ራውተር የቤቱን አድራሻ ሁሉ በራሱ መንገድ ሰጥቷል። ስልኮቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑ አብረው ተቀየሩ። ኮንትሮለሩ ግን አድራሻውን አምና በእጄ የጻፍኩለት ስለሆነ አልተነቃነቀም። የአይፒ አድራሻን እንደ ድሮው የአዲስ አበባ አድራሻ ብናስበው፣ የፊቶቹ ሦስት ቁጥሮች ቀበሌው ናቸው፣ የመጨረሻዋ የቤት ቁጥሯ ናት። ላፕቶፑ ወደ አዲስ ቀበሌ ገብቷል፤ ኮንትሮለሩ አሮጌው ቀበሌ ቁጭ ብሎ ማንም የማያንኳኳውን በር ይጠብቃል።

አምና ላፕቶፑ በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ በኬብል ወደ ጋራዥ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ ራውተሩን ከመንገዱ ላወጣው ወሰንኩ። ከላፕቶፑ ቀጥታ ወደ ኮንትሮለሩ፣ በቃ። ያደረግሁት ይህን ነው፦ የላፕቶፑን የኬብል ቀዳዳ ለጊዜው 192.168.1.2 ብዬ አሮጌው ቀበሌ አስገባሁት። ከዚያ በብራውዘር የኮንትሮለሩን ገጽ ከፈትኩ። ተከፈተ! ገጹ ላይ ገብቼ አድራሻውን 192.168.5.10 አልኩት፤ የላፕቶፑን የኬብል አድራሻ ደግሞ መልሼ 192.168.5.2 አደረግሁ። ማስኩ፣ ማለትም የቀበሌውን ወሰን የሚያሳየው ቁጥር፣ ለሁለቱም 255.255.255.0። ጌትዌይ (ከቀበሌው ወደ ውጭ የሚያወጣው በር አድራሻ) የሚለውን በላፕቶፑ በኩል ባዶ ተውኩት። ይህችን ባዶ መተው አትርሱ፤ እዚያ ላይ ቁጥር ከተጻፈ ላፕቶፑ ኢንተርኔትንም በዚያ ኬብል ሊፈልግ ይችላል፣ በኬብሉ ጫፍ ያለው ደግሞ የመብራት ሳጥን ብቻ ነው።

በአድራሻው ሦስተኛ ቦታ ላይ 5 የመረጥኩት ማንም ራውተር ሲመጣ ሲሄድ እንዳይነካኝ ነው። የቤቱ ኔትወርክ የፈለገውን ይሁን፤ የመብራቱ ቀበሌ የራሱ ነው።

ፒንግ፦ አራት ጥሪ፣ አራት መልስ፣ እያንዳንዱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች። ኤክስላይትስ ላይ “ወደ መብራት ላክ” የሚለውን አምፖል ተጫንኩ። በመስኮት አየሁ። ጨለማ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ትናንት ከሥራ ስመለስ መሽቶ ስለነበር አልነካሁትም። ዛሬ ፋየርዎሉን (የላፕቶፑን የኔትወርክ ዘበኛ) ለአንድ ደቂቃ አጥፍቼ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም፤ ወዲያው መለስኩት። የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር ማደስም አሰብኩና ተውኩት። ፒንግ የሚመልስ ዕቃ ላይ ያንን ማድረግ ሳይታመሙ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው።

መልሱ የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው። እማዬ መኝታ ቤት ሆና አዲስ አበባ ካለችው እኅቴ ጋር በስልክ ቪዲዮ ታወራ ነበር። እኔ መብራት መላኪያውን በተጫንኩ ቁጥር ድምጿ ከፍ ይላል፦

“ሃሎ? ሃሎ? ኧረ ፊቷ ደረቀ! አንተ ልጄ፣ ይሄ ስልክ ምን ሆነ?”

መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ሦስተኛው ላይ እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆምኩ። አጠፋሁት።

“መጣች፣ መጣች” አለች።

አበራሁት።

“ሄደች!”

ኬብሌ ከራውተሩ ጋር አይገናኝም። የእኔ መብራት የእማዬን ስልክ የሚነካበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ መረጃው በኬብሉ ሳይሆን በዋይፋይ እየወጣ ከሆነ። ላፕቶፑ ሁለት መውጫ በር አለው፤ በተሳሳተው በኩል እየወጣ ነበር።

ምክንያቱ የከፈትኩት ፋይል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፋይሌ ውስጥ መላኪያው ኢ1.31 (የመብራት ትእዛዝ በኔትወርክ የሚላክበት ደንብ) በመልቲካስት ተብሎ ተቀምጧል። መልቲካስት ማለት “ለአንድ ሰው” ብሎ ሳይሆን “ሰሚ ላለው ሁሉ” ብሎ መልቀቅ ነው፤ የሚላክበትም አድራሻ የኮንትሮለሩ ሳይሆን 239.255 ብሎ የሚጀምር የጋራ አድራሻ ነው። ስለዚህ 192.168.5.10 ብዬ የለፋሁበት አድራሻ እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። ሁለት በር ሲኖር ዊንዶውስ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠው ዋይፋዩን ነበር።

ስልኩ ለምን እንደታፈነ አሰላሁት። 600 ፒክስል ሲባዛ በ3 ቀለም 1,800 ቻናል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቻናል ማለት ነው። ይህ በአራት እሽግ ይከፈላል፤ በሰከንድ 40 ጊዜ ሲላክ 160 እሽግ፤ ሙሉ እሽግ 638 ባይት ነው። ሲደመር በሰከንድ ወደ 0.8 ሜጋቢት ይጠጋል። ለኬብል ይህ ምንም ማለት አይደለም። ዋይፋይ ግን የመልቲካስት መልእክት ሁሉም እንዲሰማው ብሎ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነቱ ነው የሚያሰራጨው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ያ እስከ 1 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። አየሩን ሁሉ እኔ ይዤው ነበር ማለት ነው።

ማስተካከያው ሁለት ነው። መልቲካስትን ወደ ዩኒካስት፣ ማለትም ለአንድ አድራሻ ብቻ ወደ መላክ ቀየርኩና አድራሻውን 192.168.5.10 አልኩት። በተጨማሪ ኤክስላይትስ በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚያስገድደው ቦታ ላይ 192.168.5.2 ጻፍኩ። ተጫንኩ። ከመኝታ ቤት የእማዬ ወሬ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሣሩ ላይ ቀይ ብርሃን ወደቀ።

ሮጬ ወጣሁ። ጣሪያው በርቷል፤ ግን ከመሐል ትንሽ አለፍ ብሎ ተቆርጧል። ዓምዶቹ ጨለማ፣ መስቀሉም ጨለማ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠራኋትና መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን የበራውን መቁጠር ጀመርን። እሷ ከግራ ስትቆጥር እኔ በየአሥሩ ምልክት እይዛለሁ። በብርዱ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከታ በአገጯ እያመለከተች ነበር የምትቆጥረው።

“አንድ መቶ ስልሳ ዘጠኝ፣ አንድ መቶ ሰባ። አባዬ፣ እዚህ ላይ አለቀ።”

170። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ምንም መመርመር አያስፈልገውም። በኢ1.31 አንዱ እሽግ፣ ዩኒቨርስ የሚሉት፣ የሚይዘው ከፍተኛው 512 ቻናል ነው። አንድ አምፖል ሦስት ቻናል ይወስዳል፤ 170 ሲባዛ በ3 510። የቀሩት ሁለት ቻናሎች ለአንድ አምፖል አይበቁም፤ ስለዚህ 171ኛው አምፖል የሚጀምረው በሁለተኛው ዩኒቨርስ ነው። መብራት ልክ 170 ላይ ከቆመ ኬብልም አልተበላሸም፣ አምፖልም አልሞተም። ኮንትሮለሩ አንደኛውን ዩኒቨርስ ብቻ እንዲቀበል ነው የተነገረው።

በእርግጥም የኮንትሮለሩ ገጽ ላይ የተመዘገበው አንድ ብቻ ነበር። ከኤክስላይትስ ውስጥ የግቤቱንም የውጤቱንም ዝርዝር ወደ ኮንትሮለሩ የሚጭኑትን ሁለት ቁልፎች ተጫንኩ። አራቱም ዩኒቨርሶች ገቡ። ቁጥሩን በእጅ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ሁለት ቦታ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም፤ ከአንድ ቦታ መላኩን እመርጣለሁ።

መስቀሉ በራ። ከውጭኛው ወደ ውስጠኛው፣ ቢጫ ወርቅማ ሆኖ፣ አንዱ ሲበራ ሌላው እየተከተለ። እማዬ ነጠላዋን ደርባ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ አማተበች። ላሊበላን የረገጠችው አንድ ጊዜ ነው፤ ልጅ ሆኜ፣ በአውቶቡስ፣ ለገና።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

አንድ ሳምንት ያለ ችግር ሠርቶ ዛሬ ችግር አመጣ። መዝሙሩ እየተሰማ መብራቱ በድንገት ይቆማል፤ አይጠፋም፣ በያዘው ቀለም ቀጥ ይላል፤ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ዘሎ ይቀጥላል። አንዳንዴ ደግሞ ደቂቃ ሙሉ።

ይህ ዓይነት ጥፋት ከሌላው የሚለይበት ምልክት አለው። የአምፖሎቹ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ቀለማቱ ይዘባረቁ፣ ያለ ሥርዓት ይብለጨለጩ ነበር። ቀጥ ብሎ መቆም ግን አዲስ ትእዛዝ አልደረሰም ማለት ነው፤ ቺፕዋ አዲስ ነገር እስክትሰማ የመጨረሻውን ቀለም ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ አሁንም ወዲህኛው ግማሽ ውስጥ ነን። ያልቆመ ፒንግ ለቅቄ ማየት ጀመርኩ። መልስ፣ መልስ፣ መልስ፣ ከዚያ ሦስት ዝምታ፣ ከዚያ መልስ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

የዩኤስቢ ኔትወርክ ማገናኛውን በሌላ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ወደ መጀመሪያው መለስኩ። ላፕቶፑን በሌላ ላፕቶፕ ቀየርኩ፤ ያው ነው። መለስኩ። አንድ ነገር ቀይሮ፣ አይቶ፣ ካልረዳ ወደነበረበት መመለስ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀይሬ ቢስተካከል የትኛው እንደነበር በምን አውቃለሁ?

የቀረው ኬብሉ ነው። ግን ኬብሉን ቀን ላይ ስፈትሸው ለሁለት ሰዓት አንድም ጥሪ አልጠፋም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

እማዬ ወጥ እየሠራች፣ የጾም ነው፣ የሽሮው ሽታ ሳሎኑን ሞልቶታል። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ መጥታ ቆመችና፦

“የኔ ልጅ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ግን ይሄ መብራት የሚቆመው ያ የመኪናው በር ሲወርድ ይመስለኛል። ትናንትም ባለቤትህ ስትገባ ነው የቆመው።”

ጋራዡ! ቀን ላይ ስሠራ በሩ ክፍት ነው። ማታ ይዘጋል። ኬብሉ ደግሞ የሚገባው ከበሩ ሥር፣ በጎማው በኩል ነው። ባለቤቴ ቁልፉን እንድትጫን ለመንኳትና ፒንጉን እያየሁ ቆየሁ። በሩ ወረደ፤ መሬት ነካ፤ መልሱ ተቋረጠ። ከፈተች፤ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው። ወደ እማዬ ሄጄ ጉንጯን ሳምኩ።

ኬብሉን ከበሩ ሥር አውጥቼ በጣቴ ዳሰስኩት። በሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ክቡ ኬብል ጠፍጥፏል፤ በአንድ በኩል ላስቲኩ ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበታል። ጋራዥ በኩል ያለው ጫፍም ከስምንቱ የመዳብ ጥርሶች ሁለቱ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። የኬብል መፈተሻው ላይ ስሰካው ስምንቱም መብራቶች በሩ፤ ጠፍጣፋውን ቦታ በሁለት ጣቴ ጫን ስለው 3ኛዋ ጠፋች። 100 ሜጋቢት ግንኙነት የሚጠቀመው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ገመዶች ነው። 3ኛዋ ስትቋረጥ ሁሉም ይቋረጣል። 4 ወይም 5 ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ላላውቅ እችል ነበር።

የተጎዳውን ጫፍ ወደ አራት ሜትር ያህል ቆርጬ ጣልኩ። አዲስ ጫፍ መምታት ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ላስቲኩን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ልጦ፣ ጥንዶቹን ፈትቶ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያሹ ቀጥ ማድረግ። ቅደም ተከተሉ ቲ568ቢ በሚባለው የገመድ ቀለም ደረጃ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከዚያ እኩል ቆርጦ ወደ አርጄ-45 ጫፍ መክተት። ከመጭመቄ በፊት ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ፤ ስምንት የመዳብ ነጥቦች ከፊት ግድግዳው ጋር ተጠግተው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ላይ አንዷ አጥራ ነበር፤ አውጥቼ ደገምኩ። ሁለተኛው ልክ ሆነ። ውጫዊው ላስቲክም ከውስጥ መያዣው ሥር ገብቶ አብሮ መጨመቅ አለበት፤ ያለዚያ ኬብሉ ሲጎተት ሸክሙን የሚችሉት ቀጫጭኖቹ ገመዶች ይሆናሉ።

አሁን ኬብሉ በበሩ ሥር አያልፍም። በጎን ባለው እንጨት ላይ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ በሳሁ፤ ከውጭ በኩል ወደ ታች ዘንበል ስላደረግሁት ዝናብ ወደ ውስጥ አይፈስም። ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩት።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ተኝቶ መብራቱ ቀጥ ብሎ ተገኘ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ እንዳይተኛ አደረግሁት፤ የኔትወርክ ማገናኛውም ላይ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል እንዲዘጋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳሁ።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 4 ሰዓት ሠራ። ፒንጉን ሙሉውን ጊዜ ለቅቄው ነበር፤ ከ16,000 በላይ ጥሪ፣ የጠፋ የለም። ጋራዡ ዝግ ነበር።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ላፕቶፑን ጨርሶ ከዚህ ሥራ ማውጣት ይቻላል። ራስበሪ ፓይ የምትባለዋን የመዳፍ ያህል ኮምፒዩተር ገዝቼ ፋልከን ፕሌየር የሚባለውን መብራት ማጫወቻ ሶፍትዌር ጭኛለሁ፤ የተዘጋጀውን ፋይል ከሰጠኋት ራሷ ሰዓቱን ጠብቃ ለኮንትሮለሩ ትልካለች። ጠረጴዛ ላይ 50 አምፖል አገናኝቼ ሞከርኳት፤ በደንብ ሠርታለች። ግን ከገና በፊት የሚሠራ ነገር አልነካም። በጥር አውርጄ ስጨርስ፣ ቀጥሎ የምሠራው እሷን ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ዛሬ መብራታቸውን አወረዱ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

የእኛ ገና ዋዜማ። መንገዱ ሁሉ ጨልሟል። 12 ሰዓት ሲሆን አንድ መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ፤ የኋላው መስኮት ወረደና ሁለት ልጆች ነጭ ለብሰው አንገታቸውን አወጡ። መስቀሉ ከውጭ ወደ ውስጥ መብራት ሲጀምር ትንሹ በጣቱ እያመለከተ የሆነ ነገር ጮኸ። ከሹፌሩ መቀመጫ አባትየው ደረቱን በእጁ ይዞ ጎንበስ አለልኝ፤ እኔም እንዲሁ አልኩት።

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች “እስከ ጥምቀት ይቆይ እንጂ” አለች። እስከ ጥር 11 ይቆያል አልኳት። ጋራዡን ዘግተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንነሳ በመኪናው መስታወት ወደ ኋላ አየሁ። በሩ መሬት ነክቷል፤ መብራቱ እየተንቀሳቀሰ ነው።